ዘሩ አንድ፣ መደቡ ሦስት፦ የጓሮ አትክልት አተካከልን ሞክሮ ስለ መምረጥ

በቦሌና በለሚ ኩራ ክፍላተ ከተማ ቤተሰቦችን ስንጎበኝ ደጋግመን የምንሰማው ቃል «በእኛ ጓሮ አትክልት አይበቅልም» የሚል ነው። አንዱ መሬቱን፣ ሌላው ዘሩን ይወቅሳል፤ «እጄ አይቀናም» ብሎ ራሱን የሚወቅስም አለ። አንድ ክረምት ዘርቶ ያልተሳካለት ቤተሰብ ጓሮውን ትቶ ቆስጣውንም ሰላጣውንም ከገበያ ይገዛል፤ በምን ውኃ እንዳደገ ግን አያውቅም። ከከተማችን ምሥራቃዊ ክፍል የሚወርዱት ወንዞች የፋብሪካና የመኖሪያ ቤት ፍሳሽ ይዘው ወደ ትልቁ አቃቂ ይገባሉ፤ በዳርቻቸውም አትክልት ይለማል። ተክሉ በሥሩ የሳበውን ከባድ ብረት ደግሞ እጥበት አያስለቅቀውም። ስለሆነም ጓሮን ከመተው በፊት በሥርዓት መሞከር ይገባል።

የመሬቱ ጠባይ

የዚህ አካባቢ ሜዳማ መሬት በአብዛኛው መረሬ ነው። መረሬ በንጥረ ነገር ደካማ አይደለም፤ ችግሩ ከውኃ ጋር ነው። በክረምት አብጦ ውኃውን ስለሚይዝ ሥር አየር አጥቶ ይታፈናል፣ ቅጠሉም ይገረጣል። በበጋ ደግሞ ይሰነጠቅና ሥሩን ይበጥሳል። «አይበቅልም» የተባለው ጓሮ ብዙ ጊዜ የሚያስፈልገው የውኃ መውጫ ነው።

ይህን የሀገራችን ገበሬዎች ቀድመው ያውቁታል። በሰሜን ሸዋ እነዋሪ አካባቢ ገበሬዎች በመረሬ ማሳቸው ላይ አፈሩን በእጃቸው እየሰበሰቡ ሰፊና ከፍ ያለ መደብ ይሠራሉ፤ በመደቦቹ መካከልም ውኃው የሚወርድበት ቦይ ያበጃሉ። በ1970ዎቹ ዓ.ም. እዚሁ አዲስ አበባ የነበረው የአፍሪካ ዓለም አቀፍ የእንስሳት ሀብት ማዕከል ከሀገር ውስጥ ተቋማት ጋር በመሆን ሁለት ማረሻዎችን አጣምሮ ይህንኑ መደብ በበሬ የሚያወጣ መሣሪያ ሠርቷል። ለጓሮ ግን ዶማና አካፋ ይበቃል።

ሙከራው እንዴት ይካሄዳል?

በወንጌል በተነገረው የዘሪው ምሳሌ ዘሩ አንድ ነበር፤ ፍሬውን የለየው የወደቀበት መሬት ነው። የምሳሌው ምሥጢር ስለ ቃለ እግዚአብሔር ቢሆንም ለጓሮ ሙከራም ሥርዓት ያስተምረናል፦ አንዱን ነገር ብቻ ለውጦ ሌላውን ሁሉ እኩል ማድረግ። ዘሩንም፣ መደቡንም፣ ማዳበሪያውንም በአንድ ጊዜ የለወጠ ሰው ቢሳካለት እንኳ የትኛው እንደረዳው አያውቅም።

1. ከአንድ መደብ የፈላ የቆስጣ ችግኝ 36 ይዘጋጅ። ቆስጣ ደጋግሞ ስለሚቆረጥ ለማነጻጸር ይመቻል።

2. 12 ችግኝ በደልዳላ መሬት ይተከል። 12 ችግኝ ደግሞ ከ20 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ከፍ ባለ መደብ ላይ ይተከል፤ የመደቡ ስፋት እጅ ከሁለቱም ወገን መሐል እንዲደርስ ከ1 ሜትር ብዙ አይለፍ። የቀረው 12 በጆንያ ጎን በተበሱ ቀዳዳዎች ይተከል። በጆንያው መሐል ከታች እስከ ላይ ጠጠር ከተደረደረ ውኃው እስከ ታች ይደርሳል።

3. የእያንዳንዱ ዘዴ ችግኝ ስድስት ስድስት ሆኖ በሁለት ቦታ ይከፈል፤ አንዱ ወገን የአጥር ጥላ ቢያርፍበት ፍርዱ እንዳይዛባ።

4. የተከላው ቀን፣ ኮምፖስቱና ውኃው ለሁሉም እኩል ይሁን። ውኃው በጀሪካን ይለካ፤ የአትክልትና የእህል እጣቢ ይጠቅማል፣ የሳሙና ውኃ ግን ይቅር።

5. የተጠጣው ውኃና የተቆረጠው እስር በየቀኑ በደብተር ይመዝገብ።

በኮንዶሚኒየም የምትኖሩ በጆንያው ምትክ ትናንሽ ባልዲዎችን ተጠቀሙ። በአፈር ተሞልቶ የረጠበ ትልቅ ጆንያ ከኩንታል በላይ ስለሚመዝን በረንዳ ላይ ማቆም አይገባም።

የአንድ ወቅት ፍርድ ግማሽ ነው

ሙከራው በሰኔ ተጀምሮ በታኅሣሥ ካልተደገመ አሳሳች ነው። በክረምት የረዳው ከፍ ያለ መደብ በበጋ ከደልዳላው ቀድሞ ይደርቃል፤ ጆንያውም ከሁለቱ ይልቅ ውኃ ይጠይቃል። ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ይህ ልዩነት ትልቅ ነው። ስለዚህ በበጋ ጉዝጓዝ ያስፈልጋል፤ ለበዓል የተጎዘጎዘ ቄጤማ ሲጠረግ ከሚጣል በችግኙ ሥር ቢለብስ እርጥበት ይጠብቃል። በታኅሣሥ የተዘራ ቆስጣ የሌሊቱ ብርድ ጥቂት ቢያዘገየውም በዐቢይ ጾም 55 ቀናት ውስጥ ለገበታ ይደርሳል። ያን ጊዜ የቤተሰቡ ወጪ ይቀንሳል፤ ልጆቹም የበሉት ከየት እንደመጣ ያውቃሉ።

ከሁለቱ ወቅቶች በኋላ ደብተሩን ገልጣችሁ ለየወቅቱ የሚስማማውን ምረጡ። የጎረቤት ምክር መልካም ነው፤ ነገር ግን የጎረቤት ጓሮ ጥላውም አፈሩም ሌላ ሊሆን ይችላል።

ለሰንበት ትምህርት ቤትና ለማኅበር ውይይት

- በአጥቢያችን ውኃ የሚተኛባቸው ጓሮዎች የትኞቹ ናቸው? ቦዩ ወደ ጎረቤት ሳይሆን ወዴት ይውረድ?
- ሦስት ቤተሰቦች ሙከራውን ቢከፋፈሉ ችግኙን ማን ያፈላል? ደብተሩን ማን ይይዛል?
- መሬት የሌላቸው አረጋውያን ከዚህ እንዴት ሊጠቀሙ ይችላሉ?

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።