ከፒክስል የቀጠነች ፀጉር፦ የጉርድ ፎቶግራፍን ዳራ ስንቀይር ምን እንለውጣለን?

ጉርድ ፎቶግራፍ የማያስፈልገው ተማሪ የለም። ለመታወቂያ፣ ለፈተና መግቢያ ካርድ፣ ለሥራ ማመልከቻ በየጊዜው ይጠየቃል። በመካነ ሰላምም ሆነ በደሴ፣ ፎቶ ቤት ገብተን በሰማያዊ መጋረጃ ፊት ተቀምጠን ብንነሳም የሚሰጠን ፎቶግራፍ ዳራው ነጭ ሊሆን ይችላል። መጋረጃው በኮምፒውተር ተነሥቷል ማለት ነው። ሥራው በጥድፊያ ከተሠራ ግን ጠጋ ብሎ ለሚመለከት ሰው በፀጉሩ ዙሪያ ሰማያዊ ጠርዝ ይታየዋል፤ ወይም ያማረው ጎፈሬ በመቀስ የተከረከመ ይመስላል። ለመሆኑ ፊትን፣ አንገትንና ትከሻን ያለችግር የሚለየው ሶፍትዌር ፀጉር ላይ ሲደርስ ለምን ይቸገራል? በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው ይህንኑ ይሆናል።

ማረም አዲስ ነገር አይደለም

ፎቶግራፍን ማስተካከል ከኮምፒውተር በፊት የነበረ ሙያ ነው። በአገራችን የስቱዲዮ ፎቶግራፍ ታሪክ ስማቸው ከሚነሣው መካከል አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያን አንዱ ናቸው። በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ወደ ኢትዮጵያ መጥተው የዳግማዊ ምኒልክ ቤተ መንግሥት ፎቶግራፍ አንሺ ሆኑ፤ ልጆቻቸው ሃይጋዝና ቶኒም ሙያውን ቀጠሉ። በዚያ ዘመን በዓለም ዙሪያ የነበሩ ስቱዲዮዎች የሚያርሙት በመስታወት ወይም በፊልም ላይ ያለውን ኔጌቲቭ ነበር። በኔጌቲቭ ላይ ብርሃንና ጥላ ይገለባበጣሉ። ስለዚህ በነጣ ያለ ዳራ ላይ የወጣች ጥቁር ፀጉር በኔጌቲቩ ላይ ብርሃን የሚያሳልፍ ቀጭን መስመር ትሆናለች። አራሚው በሹል እርሳስ መስመሯን ሲደፍናት በወረቀቱ ላይ ፀጉሯ ትጠፋለች።

እ.ኤ.አ. በ1990 ቶማስ ኖልና ወንድሙ ጆን ኖል የሠሩት ፎቶሾፕ ለገበያ ሲቀርብ እርሳሱ በአይጥ (ማውስ) ተተካ። ችግሩ ግን አልተለወጠም፤ አራሚው ዛሬም የሚታገለው ከዚያችው ቀጭን ፀጉር ጋር ነው።

አንዲት ዘለላና አንድ ፒክስል

ዲጂታል ፎቶግራፍ ፒክስል ከሚባሉ ጥቃቅን ባለ ቀለም ካሬዎች የተሠራ ነው። አንድ ፒክስል አንድ ቀለም ብቻ ይይዛል። አሁን ጥቂት ስሌት እንሥራ። ከደረት በላይ የተነሣ ፎቶግራፍ 60 ሳንቲ ሜትር የሚሆን ቁመት ይሸፍናል እንበል። ምስሉ ወደ ላይ 3000 ፒክስል ካለው እያንዳንዱ ፒክስል 600 ሚሊ ሜትር ሲካፈል ለ3000፣ ማለትም 0.2 ሚሊ ሜትር ይወክላል። የሰው ፀጉር ውፍረት ከሰው ሰው ቢለያይም 0.07 ሚሊ ሜትር ብለን ብንወስድ ከእውነቱ አንርቅም። እንግዲህ ፀጉሯ ከፒክስሉ ስፋት 35 በመቶውን ብቻ ትሸፍናለች ማለት ነው። ቀሪው 65 በመቶ መጋረጃው ነው።

ካሜራው ሁለቱን ለያይቶ መመዝገብ አይችልም፤ ቀላቅሎ አንድ ቀለም ያደርጋቸዋል። ስለዚህ «ይህ ፒክስል ፀጉር ነው ወይስ መጋረጃ?» ብሎ መጠየቅ ትክክል አይደለም። ትክክለኛው ጥያቄ «ምን ያህሉ ፀጉር፣ ምን ያህሉ መጋረጃ ነው?» የሚለው ነው። መቀስ የማይሠራውም በዚሁ ምክንያት ነው። የሐበሻ ነጠላም ተመሳሳይ ጠባይ አለው፤ በስሱ ድርና ማግ መካከል ከኋላው ያለው ነገር ያሳልፋል።

የአልፋ ቀመር

ይህን የድርሻ መጠን የኮምፒውተር ሥዕል ባለሙያዎች አልፋ ይሉታል። ሐሳቡን አልቪ ሬይ ስሚዝና ኤድ ካትሙል በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ አፈለቁት፤ ቶማስ ፖርተርና ቶም ደፍ ደግሞ በ1984 ሙሉ ሥርዓት አበጁለት። ቀመሩ ይህ ነው፦

ው = አ × ፊ + (1 − አ) × ዳ

«ው» ካሜራው የመዘገበው ውሁድ ቀለም፣ «ፊ» የፊተኛው ነገር (የፀጉሩ) ቀለም፣ «ዳ» የዳራው ቀለም፣ «አ» ደግሞ አልፋ ነው። አልፋ ከ0 እስከ 1 ይሆናል።

በምሳሌ እንመልከተው። እያንዳንዱ ቀለም በቀይ፣ በአረንጓዴና በሰማያዊ መጠን፣ ከ0 እስከ 255 ባለ ቁጥር ይገለጻል። ፀጉሩ (20፣ 20፣ 20)፣ መጋረጃው (40፣ 80፣ 200)፣ አልፋ 0.35 ቢሆን የፒክስሉ ቀለም (33፣ 59፣ 137) ይሆናል። ይህ ደብዘዝ ያለ ጥቁር ሰማያዊ ነው። ያው ፀጉር ከመጀመሪያው በነጭ ዳራ (255፣ 255፣ 255) ፊት ቢነሣ ኖሮ ግን (173፣ 173፣ 173)፣ ማለትም ፈዘዝ ያለ ግራጫ በሆነ ነበር። አራሚው አሮጌውን ፒክስል እንዳለ ወደ ነጩ ዳራ ሲያሻግር ግራጫ ሊሆን በሚገባው ቦታ ሰማያዊ ያስቀምጣል። በጎፈሬው ዙሪያ የምናየው ጠርዝ ይኸው ነው። (በጥብቅ ሲታይ ቅልቅሉ የሚከናወነው በብርሃን መጠን ላይ ነው፤ በፋይል ውስጥ ያሉት ቁጥሮች ለዓይን እንዲስማሙ የተሻሻሉ ናቸው። ለቀላልነት ሲባል ልዩነቱን ትተነዋል።)

ስንት እኩልታ፣ ስንት ያልታወቀ?

በአንድ ፒክስል ላይ ሦስት ቁጥሮች ስላሉን ሦስት እኩልታዎች አሉን። ያልታወቁት ግን ሰባት ናቸው፦ ሦስት የፀጉር፣ ሦስት የዳራ፣ አንድ አልፋ። ሦስት እኩልታ ለሰባት ያልታወቀ አንድ ብቸኛ መልስ እንደማይሰጥ በአልጀብራ ተምረናል። መጋረጃው አንድ ወጥና የታወቀ ቀለም ከሆነ ያልታወቁት ወደ አራት ይወርዳሉ፤ አሁንም አንድ ይጎድላል። ስሚዝና ጄምስ ብሊን በ1996 (እ.ኤ.አ.) እንዳሳዩት፣ ያው ነገር ሳይንቀሳቀስ በሁለት የተለያዩ ዳራዎች ፊት ቢነሣ ስድስት እኩልታ ስለሚገኝ አልፋ በትክክል ይሰላል፦

አ = 1 − (ው1 − ው2) ÷ (ዳ1 − ዳ2)

ሰው ግን ፀጉሩ ቅንጣት ሳይነቃነቅ ሁለት ጊዜ ሊነሣ አይችልም። ስለዚህ ሶፍትዌሩ ይገምታል። ተጠቃሚው «ይህ በእርግጥ ሰው ነው፣ ይህ በእርግጥ ዳራ ነው፣ ይህ መሐከለኛው ግን አጠራጣሪ ነው» ብሎ ሦስት ክልል ያሰምርለታል፤ እርሱም ከጎረቤት ፒክስሎች ተነሥቶ የአጠራጣሪውን ክልል አልፋ ይተነብያል። በዛሬ ስልኮች በአንድ ንክኪ ዳራ የሚያነሡት ፕሮግራሞችም በብዙ ምስሎች የሠለጠኑ ገማቾች ናቸው። ግምታቸው ብዙ ጊዜ ያማረ ነው፤ ያም ሆኖ ግምት ነው።

ከመስመር የወጡ ዘለላዎችን ማጥፋት

በግንባር ላይ የወደቀችን ዘለላ ለማንሣት ቀላሉ ዘዴ በአጠገቧ ያለውን ቆዳ ቀድቶ መለጠፍ ነው። ነገር ግን የቆዳ ብርሃን ከቦታ ቦታ ስለሚለያይ ልጣፉ እንደ ጥብቆ መጣፊያ ያስታውቃል። በ2002 (እ.ኤ.አ.) ፎቶሾፕ 7.0 ይዞት የመጣው «ሂሊንግ ብራሽ» የቆዳውን ልሙጥነትና ሻካራነት ከአንድ ቦታ ቀድቶ ብርሃኑን ከተለጠፈበት ስፍራ ጋር ያስማማል። በ1995 ዓ.ም. ገደማ (እ.ኤ.አ. 2003) የወጣ የታወቀ የምርምር ሥራም ይህን መሰል ማስማማት በፖይሶን እኩልታ መፈጸም እንደሚቻል አሳይቷል። የፊዚክስ ተማሪ ነገሩን በሙቀት ሊያስበው ይችላል፦ የአንድ ብረት ዝርግ ዳር ዳሩ የተወሰነ ሙቀት ቢሰጠው መሐሉ ቀስ በቀስ ከዳሩ ጋር ይስማማል። የልጣፉም ብርሃን እንዲሁ ከዙሪያው ጋር ይስማማል። ከሥር የነበረው እውነተኛ ቆዳ ግን አልተመለሰም፤ ምናልባት በዚያ ቦታ ጠባሳ ወይም ማርያም የሳመችው ምልክት ነበረ።

ከመንሣት በፊት

ከሁሉ የሚሻለው እርማት ካሜራው ከመጫኑ በፊት የሚደረገው ነው። መካነ ሰላም ከባሕር ወለል በላይ 2600 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት ከባሕር ወለሉ በሩብ ያህል ስለሚያንስ ብርሃንን የሚበትነው አየር ይሳሳል፤ የቀትር ፀሐይም ይበረታል፣ ጥላውም ይጠቁራል። ፀሐይ ከኋላ ስትመጣ እያንዳንዷ የተበተነች ዘለላ እንደ ክር ታበራለች። በቦረና ሳይንት ብሔራዊ ፓርክ የጭላዳን ጋማ በማለዳ ፀሐይ ያየ ሰው ይህን ያውቀዋል። ስለዚህ፦

1. ተነሺውን በበር ጥላ ወይም በሰፊ መስኮት አጠገብ፣ ከነፋስ ተከልሎ ማስቀመጥ፤
2. የመጨረሻው ዳራ ነጭ ከሆነ ከመነሻው ነጭ ጨርቅ መስቀል፤ ያኔ የሚቀየር ነገር የለም፤
3. ከጨርቁ አንድ ሜትር ተኩል ያህል መራቅ፤ የጨርቁ ቀለምም ጥላም በፀጉሩ ላይ አያርፍም፤
4. ፀጉርን በእርጥብ ማበጠሪያ ወይም በጥቂት ቅባት ማስያዝ፤
5. ምስሉን በከፍተኛ ጥራት ማስቀመጥ። የጄፔግ ፋይል ምስሉን 8 በ8 ፒክስል እየከፈለ ስለሚያመቅ በፀጉር ዙሪያ ያለውን ቀለም ያደበዝዛል። በቴሌግራም ሲላክም እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል መላክ ይመረጣል።

ወሰኑ የት ላይ ነው?

ፎቶግራፉ የሠርግ ወይም የምረቃ መታሰቢያ ከሆነ እርማቱ የባለቤቱ ምርጫ ነው። የመታወቂያ ፎቶግራፍ ግን ማስረጃ ነው። የአሜሪካ ቪዛ ፎቶግራፍ መስፈርት ለምሳሌ ዳራው ነጭ ወይም ወደ ነጭ የቀረበ፣ ጭንቅላቱ ከምስሉ ቁመት ከ50 እስከ 69 በመቶ እንዲሆን ይጠይቃል፤ መልክን በሚለውጥ ሁኔታ በኮምፒውተር የተነካካ ምስልንም ይከለክላል። በብዙ የአገራችን ከተሞች ወጣቶች ለዲቪ ሎተሪ ፎቶ ሲነሡ በኖሩባቸው ዓመታትም ይህ ጥንቃቄ ትልቅ ትርጉም ነበረው።

ሌላም አለ። በገጠር የአንዲት እናት ብቸኛ ምስል የመታወቂያ ፎቶዋ ሊሆን ይችላል። ስታርፍ ልጆቿ ለለቅሶ ያስፋፉታል፤ ዳራውንም ያስቀይራሉ። አራሚው ያን ጊዜ «ላሳምረው» ብሎ የሹሩባዋን ጠርዝ ቢያለሰልስና ዋናውን ፋይል ቢደመስስ የጠፋውን የሚመልስ ቀመር የለም፤ ሦስት እኩልታ ሰባት ያልታወቀን እንደማይፈታ አይተናል። ስለዚህ የሙያው የመጀመሪያ ሕግ ይህ ይሁን፦ ዋናው ምስል ሳይነካ ይቀመጥ፣ እርማቱ በቅጂው ላይ ይሠራ።

መልመጃ

ሀ. አንድ ምስል ወደ ላይ 600 ፒክስል ብቻ ቢኖረውና 60 ሳንቲ ሜትር ቢሸፍን፣ 0.07 ሚሊ ሜትር የሆነች ፀጉር የፒክስሉን ስንት በመቶ ትሸፍናለች?

ለ. አንድ ነጠላ በነጭ ወረቀት (240) እና በጥቁር ወረቀት (20) ፊት ሳይንቀሳቀስ ቢነሣና አንድ ፒክስል በመጀመሪያው 222፣ በሁለተኛው 156 ቢያነብ፣ አልፋውና የክሩ ቀለም ስንት ነው?

መልስ፦ ሀ. 7 በመቶ። ለ. አልፋ 0.7፤ የክሩ ቀለም 214 ገደማ።