በረዶ የጠረበውን ምድር በመስክ ላይ ስለ መለየት

ስለ ግግር በረዶ ሲነሣ የብዙዎቻችን ሐሳብ ወደ ስዊስና ወደ ኖርዌይ ይሄዳል። ነገር ግን ከ42,000 እስከ 28,000 ዓመት በፊት በነበረው ዘመን በባሌና በአርሲ ተራሮች ላይ ግግር በረዶ ተስፋፍቶ ነበር፤ በሰሜንም በቧሂትና በራስ ደጀን ከፍታ ላይ ምልክቱን ትቶ ሄዷል። እንግዲህ ለጥናት ወደ ደጋው የምንወጣ ተማሪዎች ይህን ምልክት መለየት ይገባናል። ወንዝ የቈረጠውን በረዶ ቈረጠው ያለ ሰው፥ ያገሩን የቀድሞ አየር ጠባይም አዛብቶ ይጽፋልና።

በመጀመሪያ አሠራሩን እንመልከት። ግግር በረዶ ዐለትን የሚበላው በሁለት መንገድ ነው። አንደኛው መፋቅ ነው፤ ከሥሩ የያዘው ጠጠርና አሸዋ እንደ ሞረድ ሆኖ ዐለቱን ይፍቀዋል። ሁለተኛው መንቀል ነው፤ በስንጥቅ የገባው ውሃ ይረጋና፥ በረዶው ሲንቀሳቀስ ድንጋዩን መንጭቆ ይወስዳል። ከዚህ ቀጥሎ የምንዘረዝራቸው ቅርጾች የሚገኙት ከእነዚህ ከሁለቱ ነው።

ሀ/ ሰርክ። ከተራራ ራስ ሥር እንደ ባለመደገፊያ ወንበር የተቦረቦረ ጎድጓዳ ነው። ጀርባው ገደል፥ ወለሉ ዝቅ ያለ፥ አፉ ላይ የዐለት ደፍ ያለው ሲሆን፥ አንዳንድ ጊዜ ትንሽ ሐይቅ ያቍራል። የእሳተ ገሞራ አፍ ግን ዙሪያውን የተከበበ ነው፤ ሰርክ በአንድ ወገን ክፍት ነው። የመሬት መንሸራተት ያወጣው ጎድጓዳም ከግርጌው የተዘበራረቀ የአፈር ክምር እንጂ የዐለት ደፍ የለውም።

ለ/ ሸለቆ። ወንዝ በተራራ ላይ የሚቈርጠው ሸለቆ እንደ ማረሻ ትልም ከታች የሾለ ነው። በረዶ የጠረበው ግን የ«ሀ»ን ፊደል ይመስላል፤ ወለሉ ሰፊ፥ ግድግዳው ቀጥ ያለ ነው። በጐኑ ያለው ትንሽ ሸለቆም አፉ ከፍ ብሎ ተንጠልጥሎ ይቀራል፤ ውሃውም በፏፏቴ ይወርዳል። ይሁን እንጂ በረዶው ከቀለጠ በኋላ ወንዝ ወለሉን እንደገና ሊሰነጥቀው ስለሚችል፥ የሸለቆውን ሙሉ ቅርጽ ከሩቅና ከከፍታ ማየት ያስፈልጋል።

ሐ/ ሸንተረርና ቀንድ። ሁለት ሰርኮች ከግራና ከቀኝ ሲቦረቡሩ መካከላቸው እንደ ስለት የቀጠነ ሸንተረር ይቀራል። ሦስት ወይም ከዚያ በላይ ሲሆኑ ተራራው እንደ ቀንድ ይሾላል፤ የስዊሱ ማተርሆርን ዋና ምሳሌው ነው።

መ/ የተላገ ዐለት። በረዶው በመጣበት ወገን ለስላሳና ዘንባላ፥ በሄደበት ወገን የተነቀለና ሻካራ ጉብታ ነው። በለስላሳው ፊት ላይ ትይዩ ጭረቶች ቢገኙ አቅጣጫቸው በኮምፓስ ይለካ። ደጋችን በአብዛኛው ባዛልት ስለ ሆነና አየርና ዝናብ ፊቱን ስለሚያበላሸው፥ ጭረት የሚፈለገው አፈሩ በቅርብ ከተገፈፈበት ቦታ ነው።

ዋናው ምክር ይህ ነው፤ በአንድ ምልክት ብቻ አይፈረድም። ሰርክ የሚመስል ጎድጓዳ፥ ከበታቹ ሰፊ ወለል ያለው ሸለቆ፥ ከዚያም ዝቅ ብሎ በረዶው ገፍቶ ያከማቸው የድንጋይና የአፈር ጉብታ በአንድ መሥመር ሲገኙ ፍርዱ ይጠነክራል። የሰሜንን ታላላቅ ገደሎች አይተን «የበረዶ ሥራ ነው» ብንል ግን እንስታለን፤ እነሱን የቈረጠው በዋናነት ወራጅ ውሃ ነው።

ይህ ጥናት የድንጋይ ነገር ብቻ አይደለም። በ2019 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) የታተመ ምርምር እንዳስረዳው፥ በባሌ ከ3,400 ሜትር በላይ ባለው በፊንጫ ሀበራ ዋሻ ከ47,000 እስከ 31,000 ዓመት በፊት ሰዎች ይኖሩበት ነበር። በረዶው እስከ ምን ድረስ እንደ ደረሰ በትክክል ካልለየን፥ እነዚያ ሰዎች ከብርዱ ጋር እንዴት እንደ ኖሩ ልናውቅ አንችልም። ስለዚህ ለመስክ የምትወጡ ጓደኞች፥ ካርታ፥ ኮምፓስና ማስታወሻ ደብተር ያዙ፤ ያያችሁትን ሣሉ፥ ለኩ፥ ስሙን በመጨረሻ ስጡት።