ብዙ ቋንቋ ያሳደገው ሰው ጀርመንኛ ለማስተማር ሲነሣ

ከእኛ መካከል በአንድ ቋንቋ ብቻ ያደገ ጥቂት ነው። በቤት ከእናታችን ጋራ ኦሮምኛ፥ በሰፈር አማርኛ፥ በትምህርት ቤት ደግሞ እንግሊዝኛ ስንናገር ኖረናል። ስለዚህም «የጀርመንኛ አስተማሪ እንሆናለን» ባልን ጊዜ ጓደኞቻችን «እናንተማ ምን ቸገራችሁ፥ አፋችሁ ለምዷል» አሉን። አባባሉ ግማሹ እውነት ነው። እዚህ የምንመረምረው የቀረውን ግማሽ ነው፤ አፍረንበታልና።

ለልምምድ ክፍል በገባን በመጀመሪያው ሳምንት አንዲት ተማሪ እጇን አወጣች። «ዴር ሁንት» ማለት «ውሻው» ከሆነ፥ «ውሻውን አያለሁ» ሲባል ስለምን «ዴን ሁንት» ይሆናል? «ሴትዮዋን አያለሁ» ሲባል ግን «ዲ ፍራው» ስለምን አይለወጥም? እኛም «እንዲሁ ነው የሚባለው» ብለን መለስን። ልጅቱ ዝም ብላ ተቀመጠች። ነገሩ እንዲህ ነው፤ በልጅነቱ ሦስት ቋንቋ የለመደ ሰው የአንዱንም ሕግ ማንም አልነገረውም። ጆሮው ያውቃል፥ አፉ ይታዘዛል፥ «ለምን?» ሲባል ግን ባዶ እጁን ነው። ተማሪ «ለምን» ማለት ይችላል፤ አስተማሪ ደግሞ መመለስ አለበት።

መልሱ ግን በገዛ አማርኛችን ውስጥ ተቀምጦ ነበር። እኛ የድርጊቱን ተቀባይ በ«ን» እናመለክታለን፤ «ውሻውን»፥ «ሴትዮዋን»፥ ጾታ አንለይም። ጀርመንኛም ይህንኑ ሥራ ይሠራል፤ ነገር ግን ምልክቱን ከስሙ ፊት ባለው መስተኣምር ላይ ያኖራል፥ ለውጡም የሚታየው በወንዴው ነጠላ ብቻ ነው።

እንዲህ ያለው መገናኛ ብዙ ነው። «ስለደከመኝ» ስንል ግሱ በመጨረሻ ይመጣል፤ ጀርመንኛም «ዋይል» ካለ በኋላ ግሱን ወደ መጨረሻ ይሰደዋል። በእንግሊዝኛ በኩል የሚመጣ ተማሪ ግን ግሱን ከመካከል ይሰነቅረዋል። የአክብሮቱም ነገር እንዲሁ ነው። «እርስዎ ይመጣሉ» ያልነው ግስ «እነርሱ ይመጣሉ» ካልነው አይለይም፤ ጀርመንኛውም ለሁለቱ «ዚ ኮመን» ይላል፥ በጽሕፈት ብቻ የአክብሮቱን «ዚ» በትልቅ ፊደል ይጀምራል። ታዲያ አንዳንድ መምህራን በክፍል ውስጥ አማርኛ እንዳይሰማ እየከለከሉ ሁሉን በእንግሊዝኛ ማስረዳታቸው፥ እንደ እኛ አስተያየት፥ ቅርቡን በር ዘግቶ በሩቁ መዞር ነው።

ኦሮምኛም ድርሻ አለው። «ለፈ» ምድር ነው፤ ድምፁ ተስቦ «ላፋ» ሲባል ለስላሳ ይሆናል። በጀርመንኛም «ሽታት» ባጭሩ ከተማ፥ ተስቦ ሲነገር መንግሥት ነው። ኦሮምኛ ያሳደገው ጆሮ ይህን ወዲያው ይለያል፤ አማርኛ ብቻ ያሳደገው ይደናገራል። አማርኛ በበኩሉ ማጥበቅ ያስተምራል፥ እዚህ ላይ ግን ወጥመድ ሆነብን። «ቢተ» የሚለው ቃል በሁለት «ት» ይጻፋልና አጥብቀን አነበብነው። ለካ ሁለቱ ፊደሎች የሚያመለክቱት ከፊታቸው ያለው አናባቢ አጭር መሆኑን ነው!

በመናገርና በመጠየቅ መካከል ስላለው ነገር ስናስብ አባ ጎርጎርዮስን እናስታውሳለን። አባ ጎርጎርዮስ ከጀርመናዊው ከሂዮብ ሉዶልፍ ጋራ በ1649 በአውሮፓ አቆጣጠር በሮማ ተገናኙ፤ በ1652ም በመስፍኑ በኤርንስት ተጠርተው ወደ ጎታ ሄዱ። አባ ጎርጎርዮስ ቋንቋውን ያውቁ ነበር፤ ሉዶልፍ ይጠይቅ ነበር። የሉዶልፍ የአማርኛ ሰዋስው በ1698 በፍራንክፈርት ታተመ። የዛሬው የጀርመንኛ አስተማሪ ግን ሁለቱንም በአንድ ራስ መያዝ አለበት፤ ችግሩም ይኸው ነው።

በተከታዩ ሳምንት ወደዚያው ክፍል ተመለስን። በሰሌዳው ላይ «ውሻው ነከሰኝ»፥ ከሥሩም «ውሻውን መታሁት» ብለን ጻፍን፥ አንዳችም አላስረዳንም። ያችው ልጅ ሁለቱን አየች፥ ቀጥሎም ጀርመንኛውን በየአጠገባቸው ራሷ መጥታ ጻፈች። ከመቀመጧ በፊት ግን ሌላ ጥያቄ አነሣች፤ «ሜድሸን» ሴት ልጅ ሆና ሳለች ስለምን ወንድም ሴትም ባልሆነው በ«ዳስ» ትጠራለች? በ«ሸን» የሚያልቅ የማቆላመጫ ስም ሁሉ፥ የማንም ይሁን የማን፥ «ዳስ» ነው አልናት። ይህን እንኳ ቀደም ባለው ምሽት አጥንተን ነበር የገባነው።