የጾም ምግብ ሁሉ ጤናማ ነውን?

በቤተ ክርስቲያናችን ሥርዓት የአዋጅ አጽዋማት ከረቡዕና ከዓርብ ጋር ሲደመሩ አንድ ምእመን ከዓመቱ ቀናት ግማሽ ያህሉን ይጾማል፤ ካህናትና መነኮሳት ደግሞ ከዚያ በላይ ይጾማሉ። በጾም ቀን የምንመገበው ነገር እንግዲህ የዓመቱን እኩሌታ ጤናችንን የሚወስን ነው።

የጾም ማዕዳችን ለብዙ ዘመን ሽሮ፣ ምስር፣ ጎመን፣ ንፍሮ፣ ቆሎ፣ ተልባና ሱፍ ነበረ። ዛሬ በተለይ በከተማ አጥቢያዎች «የጾም» ተብሎ የሚሸጥ ብስኩት፣ ኬክና ማርጋሪን ተጨምሯል። ስያሜው ሐሰት አይደለም፤ ቅቤ፣ ወተትና እንቁላል እንደሌለበት ይነግረናል። ስለ ስኳሩ፣ ስለ ጨውና ስለ ቅባቱ ግን ዝም ይላል።

በእርግጥ በፋብሪካም ሆነ በቤት የተዘጋጀ ምግብ ሁሉ ይጎዳል ማለታችን አይደለም። እንጀራ የሚበላው ተቦክቶና ተጋግሮ ነው፤ በሶም ተቆልቶ የተፈጨ ገብስ ነው። ስጋት ያለው የእህሉ አሰር ተወግዶ፣ በነጭ ዱቄት፣ በስኳር፣ በርካሽ ዘይት፣ በማጣፈጫና በማቅለሚያ እንደ አዲስ በተሠራው ላይ ነው።

ይህን በሚገባ ያሳየ አንድ ጥናት በ2011 ዓ.ም. ታትሟል። የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋማት ተመራማሪዎች 20 ሰዎችን በጥናት ማእከል አኑረው ለሁለት ሳምንት እንዲህ ያለውን የፋብሪካ ምግብ፣ ለሁለት ሳምንት ደግሞ ብዙ ያልተነካካ ምግብ አቀረቡላቸው። የቀረበው ማዕድ በኃይል ሰጪነቱ፣ በስኳሩ፣ በቅባቱ፣ በጨውና በአሰሩ መጠን ተመጣጣኝ ነበር፤ ሁሉም የፈለገውን ያህል እንዲበላ ተፈቅዶለታል። በፋብሪካው ምግብ ጊዜ ሰዎቹ በቀን 500 ካሎሪ ያህል አብልጠው በሉ፤ በሁለት ሳምንትም ወደ አንድ ኪሎ ገደማ ጨመሩ። በሌላው ጊዜ ያንኑ ያህል ቀነሱ። ለስላሳውን ምግብ ፈጥነው ይበሉት እንደነበርም ተስተውሏል። ቆሎ ቢሆን መንጋጋን ያደክማል፤ ጥጋብም ከመብዛቱ በፊት ይደርሳል።

እስከ ዘጠኝ ሰዓት ቆይቶ ከቅዳሴ የወጣ ሰው ደግሞ ርቦታል። በዚያ ሰዓት ፊቱ የሚቀርብለት ብስኩትና ለስላሳ መጠጥ ከሆነ፣ እየጾሙ የሚወፍሩ ሰዎች መኖራቸው አያስደንቅም። በአንድ ባለ 300 ሚሊ ሊትር የለስላሳ ጠርሙስ ውስጥ 30 ግራም ያህል ስኳር አለ። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው የሚመክረው የቀኑ ሁሉ ስኳር ከ50 ግራም እንዳይበልጥ፣ ቢቻልም ከ25 ግራም በታች እንዲሆን ነው። (የማር ብርዝም በዚሁ ስሌት ይገባል፤ የአባቶች መጠጥ ስለሆነ አይታለፍም።)

ለሰበካ ጉባኤያት የምናነሣው ጉዳይ እዚህ ላይ ነው። በሰንበት ትምህርት ቤት፣ በጽዋ ማኅበርና በስብሰባ መስተንግዶ ለስላሳ መጠጥ የአክብሮት ምልክት ሆኗል። ለንግሥ በዓል በሣጥን ይዞ የመጣን ምእመን መመለስ አይገባም፤ ቅያሜ ያተርፋል። ነገር ግን በዓሉ ከመድረሱ አስቀድሞ «ዘንድሮ ምን እናምጣ?» ብሎ ለሚጠይቅ ቆሎ፣ ዳቦ፣ ሙዝና ብርቱካን ብሎ መመለስ ይቻላል። ከአጥቢያው ገንዘብ የሚገዛው መስተንግዶ ደግሞ ሙሉ በሙሉ በኮሚቴው እጅ ነው፤ የንጹሕ ውኃ ማሰሮና ንፍሮ ከለስላሳው ዋጋ አይበልጡም።

ዘይቱ ይበልጥ ያስቸግራል። የሚረጋው የፓልም ዘይት ከቅባቱ እኩሌታ ያህሉ ለልብና ለደም ሥር የማይበጀው ዓይነት ነው፤ ሆኖም አቅም ያነሰው ቤተሰብ የሚያገኘው እርሱን በመሆኑ «አትግዙ» ብለን አንሰብክም። ዘይቱ የተንሳፈፈበትን ሽሮ ጥቂት ዘይት ባለው ሽሮ መለወጥ ግን ወጪንም ይቀንሳል።

የስኳር ሕመም ኖሮባቸው ኢንሱሊን ወይም ኪኒን የሚወስዱ ምእመናን የጾም ሰዓታቸውንና ምግባቸውን ከመለወጣቸው በፊት ሐኪማቸውን ያማክሩ። የንስሐ አባቶችም ለታመሙት የሚሰጡትን ፈቃድ ሲወስኑ የሐኪሙን ምክር እንዲጠይቋቸው በትሕትና እናሳስባለን።