ከባሌስትራ የተሠራው መሮ ለምን ተሰበረ?

ጥያቄ፦ ከመኪና ባሌስትራ መሮ ሠርቼ፣ በፍም አግዬ ውኃ ውስጥ ነከርኩት። ሞረድ እንኳ አልበላው አለ፤ ግን ገና በመጀመሪያው የመዶሻ ምት ተሰበረ። ምክንያቱ ምንድን ነው?

መልስ፦ ብረቱ በደንብ ጠንክሯል፤ ሥራው ግን እመንገድ ላይ ቀርቷል። ባሌስትራ አብዛኛውን ጊዜ 0.6 በመቶ ገደማ ካርቦን አለው። ብረቱ 850 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ሲደርስ የውስጥ አደረጃጀቱ ኦስተናይት ወደሚባለው ይለወጥና ካርቦኑ በአቶሞቹ መካከል ይሟሟል። በዝግታ ቢቀዘቅዝ ካርቦኑ ይወጣል፤ ብረቱም ይለሰልሳል። በድንገት ሲቀዘቅዝ ግን መውጫ ጊዜ ያጣል፤ እዚያው ታፍኖ ክሪስታሉን ይወጥረዋል። ይህ ማርተንሳይት ነው፤ እጅግ ጠንካራ፣ ግን እንደ ብርጭቆ ተሰባሪ። ውኃ ደግሞ ለዚህ ዓይነት ብረት ከልክ በላይ ፈጣን ስለሆነ ሊሰነጥቀው ይችላል፤ ሞቅ ያለ ዘይት ይሻላል።

ከነከሩት በኋላ ሳይውል ሳያድር 220 ዲግሪ ገደማ ላይ አንድ ሰዓት ያህል መልሰው ያሙቁት። መለኪያ ከሌለዎት ገጹን በብርጭቆ ወረቀት ያጽዱት፤ የገለባ ቀለም ሲይዝ ደርሷል። ከታፈነው ካርቦን የተወሰነው ደቃቅ ካርባይድ ሆኖ ይወጣል፣ ውጥረቱም ይረግባል። መዶሻ የሚያርፍበትን ጫፍ ግን ጨርሶ አይንከሩት።