ከዳያል አፕ ወደ ብሮድባንድ፦ ነጋዴው የሚገዛው ፍጥነት ነው ወይስ ድርሻ?

ኤ.ኦ.ኤል. የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በስልክ እየተደወለ ኢንተርኔት የሚገባበትን የዳያል አፕ አገልግሎቱን መስከረም 20 ቀን 2018 ዓ.ም. ዘጋ። ዜናውን የሰማ ብዙ ሰው «እስካሁን ነበር እንዴ?» ማለቱ አልቀረም። ለገበያ ሰው ግን ከመዝጊያው ዜና ይልቅ የኩባንያው የቆየ ታሪክ ይጠቅመዋል። ዛሬ ለቤቱ ፈጣን መስመር ለማስገባት የሚያስብ ደላላም ሆነ ላኪ ውል ከመፈረሙ በፊት ሊያውቀው የሚገባው ሒሳብ እዚያ ውስጥ አለና።

በቅድሚያ ነገሩን ከሥሩ እንመልከተው። ዳያል አፕ ማለት በአጭር አነጋገር ኮምፒዩተር የሚደውለው ስልክ ነው። ሞደም የተባለው መሣሪያ የኮምፒዩተሩን መልእክት ወደ ድምፅ ለውጦ በመዳቡ ሽቦ ይልከዋል። የስልክ መስመር የሚያሳልፈው ለሰው ንግግር የሚበቃውን ጠባብ ክልል ብቻ በመሆኑ ፍጥነቱ ከ56 ኪሎቢት በሰከንድ ሊያልፍ አልቻለም፤ በተግባር ደግሞ ከዚያም ያንስ ነበር። ኢንተርኔት ላይ እያሉ ስልክ አይገባም፤ ከቤተሰቡ አንዱ ሳያውቅ እጀታውን ካነሳም ሥራው ይቋረጣል። ሂሳቡም እንደማንኛውም ጥሪ በደቂቃ ይሮጣል። በአገራችን ኢንተርኔት በ1989 ዓ.ም. ሲጀመር የተገባው በዚሁ በር ነው።

ብሮድባንድ የሚባለው በመጀመሪያ በዚያው በመዳብ ሽቦ መጣ። ኤ.ዲ.ኤስ.ኤል. የተባለው ዘዴ ንግግሩን በታችኛው ክልል ትቶ፣ ከበላዩ ባዶ የነበረውን ሰፊ ክልል ለኢንተርኔት አዋለው። ስለዚህ ስልክም ኢንተርኔትም በአንድ ሽቦ፣ በአንድ ጊዜ ሆነ። ቀጥሎ ፋይበር፣ ማለትም ብርሃን የሚያመላልሰው የመስታወት ክር፣ እስከ ቤት ድረስ ገባ።

ለመሆኑ ልዩነቱ ምን ያህል ነው? እዚህ ላይ ብዙ ገዢ የሚሳሳትበት አንድ ነጥብ አለ። ሻጩ ፍጥነትን የሚናገረው በቢት ሲሆን፣ በኮምፒዩተርዎ ላይ ያለው ፋይል ደግሞ የሚለካው በባይት ነው። አንድ ባይት 8 ቢት ነው። ስለዚህ «8 ሜጋቢት» የተባለ መስመር በሰከንድ የሚያወርደው ቢበዛ 1 ሜጋባይት ነው። 5 ሜጋባይት የሆነ ሰነድ በ56 ኪሎቢት ለማውረድ 12 ደቂቃ ያህል ሲፈጅ በ8 ሜጋቢት 5 ሰከንድ ይበቃዋል። ልዩነቱ ሰማይና ምድር ነው፤ ነገር ግን 8 ሲባል 8 ሜጋባይት የመሰለው ሰው መጀመሪያውኑ ስምንት እጥፍ ተሳስቷል።

አሁን ወደ ኤ.ኦ.ኤል. ታሪክ እንመለስ። ኩባንያው እስከ እ.ኤ.አ. 1996 መጨረሻ ድረስ ደንበኞቹን ያስከፍል የነበረው በሰዓት ነው፤ ለ5 ሰዓት 9.95 ዶላር፣ ከዚያ በላይ ለሚያልፈው ለእያንዳንዱ ሰዓት 2.95 ዶላር። በታኅሣሥ 1996 ሒሳቡን ቀይሮ በወር 19.95 ዶላር የፈለጉትን ያህል ይጠቀሙ አለ። የሆነውን መገመት አያስቸግርም። ሰዓት ቆጥሮ ይወጣ የነበረው ደንበኛ አንድ ጊዜ ከገባ የማይወጣ ሆነ። መስመሮቹ ተጨናነቁ፤ ደንበኛው ቢደውል ቢደውል «ተይዟል» የሚል ድምፅ ብቻ ይሰማ ጀመር። ክሱና አቤቱታው በርትቶ ኩባንያው በጥር 1997 ከበርካታ ክፍለ ግዛቶች ዐቃቤያነ ሕግ ጋር ገንዘብ ለመመለስ ተስማማ።

ከዚህ የሚገኘው የገበያ ቁም ነገር ይህ ነው። በደቂቃ ሲከፍሉ የሚገዙት የራስዎን ጊዜ ነው፤ በወር ሲከፍሉ ግን የሚገዙት ከጋራ ቧንቧ ላይ ድርሻ ነው። ቧንቧው ለብዙ ቤት አንድ ነው። በፋይበር የተለመደውን አሠራር ብንወስድ፣ 2,500 ሜጋቢት የሚያሳልፍ አንድ ክር ለ32 ቤት ሊከፋፈል ይችላል። ሁሉም በአንድ ጊዜ ቢስቡ ለእያንዳንዱ የሚደርሰው 78 ሜጋቢት ገደማ ነው። ለ64 ቤት ከተከፋፈለ ደግሞ ግማሹ። ከዚያ ወዲያ ያለውና ከአገር የሚያስወጣው መንገድም የጋራ ነው፤ ወደብ የሌላት አገር እንደመሆናችን ወደ ባሕር ገመድ የምንደርሰው በጎረቤት በኩል ነው። ይህ ማጭበርበር አይደለም። ሁሉም በአንድ ጊዜ አይጠቀምም በሚል ስሌት የሚሠራ ንግድ ነው፤ ባንክም ቢሆን አስቀማጩ ሁሉ በአንድ ቀን አይመጣም ብሎ ነው የሚያበድረው። ጥያቄው እርስዎ የሚፈልጉት ሰዓትና ጎረቤትዎ የሚፈልገው ሰዓት አንድ ሲሆን ነው።

ይህ ደግሞ ለእኛ ገበያ ሰዎች ተራ ጥያቄ አይደለም። የኒውዮርክ የቡና ገበያ የሚዘጋው በዚያ አገር ሰዓት ከቀኑ 7፡30 ሲሆን፣ ይህም በአዲስ አበባ አቆጣጠር እንደ ወቅቱ ከምሽቱ 2፡30 ወይም 3፡30 ነው። ዋጋው እስከዚያ ሲወጣና ሲወርድ ቢሮው ተዘግቷል፣ ላኪው ያለው ቤቱ ነው። ሰፈሩ ሁሉ እራቱን በልቶ ፊልም የሚከፍተውም በዚያው ሰዓት ነው። በጠዋት ተለክቶ «ግሩም ነው» የተባለ መስመር በምሽት ዋጋ መቁረጫ ሰዓት ላይ ሊያቃስት የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው።

እንግዲህ ምን ይደረግ? ከሁሉ በፊት ያንኑ ጥቅል የገባ ጎረቤት ፈልጉ። በእርሱ ቤት ለአንድ ሳምንት ያህል በየቀኑ ከምሽቱ 2 እስከ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ ፍጥነቱን ለኩና በማስታወሻ ያዙ። የሚለካው ኮምፒዩተሩ ከራውተሩ ጋር በገመድ ተያይዞ መሆን አለበት፤ በዋይፋይ ከለኩት የግድግዳውን ውፍረት ነው የለኩት። ከዚያ የወሩን ክፍያ በማስታወቂያው ቁጥር ሳይሆን በምሽቱ ቁጥር አካፍሉት። ለምሳሌ ያህል እንበልና አንዱ ጥቅል 1,000 ብር ሆኖ 10 ሜጋቢት ይባላል፤ ሌላው 1,500 ብር ሆኖ 25 ሜጋቢት። በወረቀት ላይ የመጀመሪያው ለአንድ ሜጋቢት 100 ብር፣ ሁለተኛው 60 ብር ስለሚሆን ሁለተኛው ርካሽ ይመስላል። በምሽት ግን የመጀመሪያው 8፣ ሁለተኛው 10 ቢሰጥ ሒሳቡ ተገልብጦ 125 እና 150 ብር ይሆናል።

ሌላው ብዙ ሰው የማይጠይቀው የመላኪያው ፍጥነት ነው። ኤ.ዲ.ኤስ.ኤል. በተፈጥሮው የሚያወርደው ብዙ፣ የሚሰቅለው ጥቂት ነው፤ ለፊልም ተመልካች ይህ ምንም አይደለም። ላኪ ግን የንግድ ደረሰኙን፣ የጭነት ሰነዱን፣ የመነሻ አገር ምስክር ወረቀቱን በስካነር አንስቶ ወደ ገዢው የሚልክ ሰው ነው። 10 ሜጋባይት የሆነ የሰነድ ጥቅል በዳያል አፕ ለመላክ 40 ደቂቃ ይወስድ ነበር። በ1 ሜጋቢት መላኪያ 80 ሰከንድ፣ በ10 ሜጋቢት ደግሞ 8 ሰከንድ ነው። ስለዚህ ሲዋዋሉ ሁለቱንም ቁጥር በጽሑፍ ይጠይቁ።

በመዳብ ሽቦ ለሚገቡ ደግሞ ርቀት አለ። አዲሱ የኤ.ዲ.ኤስ.ኤል. ዓይነት እስከ 24 ሜጋቢት ይሰጣል የሚባለው ከቴሌው ጣቢያ አጠገብ ላለ ቤት ነው። ሽቦው በረዘመ ቁጥር ፍጥነቱ ይወርዳል፤ 5 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲደርስ አንድ ሁለት ሜጋቢት ካገኙም ዕድለኛ ነዎት። ርቀቱ የሚቆጠረው በአየር ላይ ሳይሆን ሽቦው በሚዞርበት መንገድ መሆኑን አይርሱ። ያረጀና ውኃ የገባበት መጋጠሚያ ካለ ደግሞ ርቀቱም ሳይጠየቅ መስመሩ ይቆራረጣል። ለእንዲህ ያለው ቤት ትልቁን ጥቅል መግዛት ለማይደርስ ዕቃ ቀብድ እንደመክፈል ነው።

በመጨረሻ የመብራት ነገር። የድሮው ስልክ ኃይሉን የሚያገኘው በዚያው በመዳቡ ሽቦ ከጣቢያው ስለነበር መብራት ቢጠፋም ይሠራ ነበር። በፋይበር ክር ውስጥ ግን ብርሃን እንጂ ኤሌክትሪክ አያልፍም፤ መብራት ሲሄድ ኢንተርኔቱም ይሄዳል። ደግነቱ አብዛኛው ራውተር የሚፈልገው ኃይል ጥቂት፣ ብዙውን ጊዜ ከአንድ አነስተኛ አምፖል የማይበልጥ ነው። ለኮምፒዩተር የሚሆን ትልቅ የኃይል መጠባበቂያ ከመግዛት ይልቅ ላፕቶፕና ለራውተሩ ብቻ የሚሆን 12 ቮልት አነስተኛ ባትሪ ቢይዙ ኒውዮርክ እስኪዘጋ ድረስ ያቆይዎታል። ሲገዙ ግን ግድግዳው ላይ የተሰቀለችውን የፋይበሩን ሣጥንም አብራችሁ ቁጠሩ፤ እርሷም ኃይል ትፈልጋለች።