ከመቅደሱ በፊት ያለው ውሃ

ጃፓን ውስጥ የሺንቶ ሃይማኖት መቅደስ ስትደርስ መጀመሪያ የምታልፈው ቶሪ የሚባለውን በር ነው። ሁለት ምሰሶ፣ ከላይ ሁለት አግዳሚ፤ መዝጊያ የለውም። ከወዲህ የሰው ሰፈር፣ ከወዲያ የካሚ ግቢ መሆኑን ያመለክታል። ጥቂት እንደ ሄድክ ውሃ የሞላ ገንዳ ታገኛለህ። በጭልፋ ቀድተህ መጀመሪያ ግራ እጅህን፣ ቀጥሎ ቀኝህን ትታጠባለህ፤ በመዳፍህም ውሃ ይዘህ ትጉመጠመጣለህ። ሺንቶ መሥራችም ሆነ ጸሎተ ሃይማኖት ስለሌለው፣ ትምህርቱን ከዚህ ገንዳ መጀመር ይሻላል ባይ ነኝ።

በቅድሚያ ግን ካሚ ማን ነው? «አምላክ» ብለን ብንተረጉመው እንሳሳታለን፤ ካሚ ሁሉን ቻይ መሆን አይጠበቅበትምና። የ18ኛው ክፍለ ዘመን ሊቅ ሞቶኦሪ ኖሪናጋ እንዳብራራው፣ ከተለመደው የላቀና ሰውን በግርማው የሚያስደንቅ ነገር ሁሉ ካሚ ሊባል ይችላል፦ ተራራ፣ ዛፍ፣ ባሕር፣ ሰውም ጭምር። በናራ የሚገኘው የኦሚዋ መቅደስ ለካሚው ማደሪያ የሚሆን ሕንፃ የለውም፤ የሚሰገደው ከበስተኋላው ወዳለው ወደ ሚዋ ተራራ ነው።

ታዲያ ወደ ካሚ ለመቅረብ መታጠብ ለምን አስፈለገ? መልሱን እ.ኤ.አ. በ712 የተጠናቀቀው «ኮጂኪ» የተባለ መጽሐፍ በተረት ያስቀምጠዋል። ኢዛናጊና ኢዛናሚ የተባሉ ባልና ሚስት የጃፓንን ደሴቶች ወለዱ። ኢዛናሚ ግን የእሳትን ካሚ ስትወልድ ተቃጥላ ሞተች። ናፍቆት ያላስቀመጠው ባል ዮሚ ወደሚባለው የሙታን አገር ወረደ። አትየኝ ብላው ሳለ እሳት ለኩሶ አያት፤ ገላዋን ትል ወርሶታል። ደንግጦ ሸሸ፣ መንገዱንም በቋጥኝ ዘጋ። ከዚያ ውሃ ወርዶ ታጠበ። ግራ ዓይኑን ሲያጥብ የፀሐይዋ ካሚ አማቴራሱ፣ ቀኝ ዓይኑን ሲያጥብ የጨረቃው ጹኩዮሚ፣ አፍንጫውን ሲያጥብ ቁጡው ሱሳኖኦ ተወለዱ።

እዚህ ላይ ልብ በል። ኢዛናጊ የሚስቱን ቃል አላከበረም፤ የታጠበው ግን ስለዚያ ተጸጽቶ አይደለም፤ የሙታን አገር እድፍ ስለነካው ነው። ይህ እድፍ ኬጋሬ ይባላል። በሞት፣ በደም፣ በበሽታ ይመጣል፤ ጥፋተኛ መሆንን አይጠይቅም። ሐዘን የደረሰበት ሰው ምንም ሳያጠፋ ለተወሰነ ጊዜ ከመቅደስ የሚርቀው በዚህ ምክንያት ነው። ኃጢአት ንስሐን ይሻል፤ ኬጋሬ ግን መንጻትን ብቻ። በውሃ የሚደረገው መንጻት ሚሶጊ ይባላል፤ በገንዳው መታጠብም የእሱ አጭር መልክ ነው።

የጃፓን ንጉሠ ነገሥት ቤተሰብ ዘሩን በኢዛናጊ መታጠብ ከተወለደችው ከአማቴራሱ ይቆጥራል። የእርሷ መቅደስ ያለው በኢሴ ነው፤ እዚያ ደግሞ የሚታደሰው ሰው ብቻ ሳይሆን ሕንፃውም ነው። እ.ኤ.አ. ከ690 ጀምሮ፣ በጦርነት ዘመን የተቋረጠበት ጊዜ ቢኖርም፣ በየ20 ዓመቱ አጠገቡ ባለው ባዶ ቦታ ላይ በአዲስ የጥድ እንጨት እንደገና ይሠራል። ወጣት አናጺ ከሽማግሌው ሙያውን የሚቀበለውም በዚሁ ሥራ ላይ ነው። 62ኛው እድሳት የተጠናቀቀው እ.ኤ.አ. በ2013 ነው፤ ቀጣዩ በ2033 ይሆናል። ከአሮጌው መቅደስ የሚነሡት ታላላቅ ምሰሶዎች አይጣሉም፤ ተጠርበው በመግቢያው ድልድይ ጫፍና ጫፍ ላይ ቶሪ ሆነው ይቆማሉ።